ጌሾ የሌለው በቀል

ጠላዬን የደፋችው የባሌ ታላቅ እህት ናት። በገዛ እጇ ነው፤ ለማንም አላዘዘችም። ጋኑን ከዕቃ ቤት እየጎተተች አውጥታ ጓሮ ካለው አቮካዶ ሥር ገለበጠችው። እኔ ገበያ ወርጄ ነበር። ሽንኩርትና ዘይት ይዤ ከባጃጅ ስወርድ ሽታው በር ላይ ተቀበለኝ። ሮጬ ጓሮ ስደርስ አፈሩ አረፋውን ገና መጥጦ አልጨረሰም፤ ጉንዳኖች ሳይቀሩ ተሰብስበዋል። በማግስቱ የእናቴ ሙት ዓመት ነበር።

ይህን ሳወራ «ኧረ ለጠላ ብለሽ ነው እንዲህ የተንገበገብሽው?» የሚሉኝ አሉ። ለጠላ ብዬ አይደለም። ልንገራችሁና ፍረዱ።

እኔ ከደብረ ታቦር ለትምህርት ሀዋሳ መጥቼ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የምግብ ላብራቶሪ ረዳት ሆኜ ተቀጥሬ፣ የዚህን አገር ሰው አግብቼ የቀረሁ ነኝ። ቤታችን እዚሁ ሀዋሳ፣ ታቦር የሚባለው ሰፈር ነው። እናቴ በስልክ «ከታቦር ወጥተሽ ታቦር ገባሽ፤ ምኑን ሄድሽው!» እያለች ትስቅብኝ ነበር። እሷ ስታርፍ ወደ አገር ቤት የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ነበር። ሬሳዋን አላየሁም፣ አፈር አላለበስኳትም። ለቅሶዬን እዚሁ ሳሎኔ ውስጥ ፍራሽ አንጥፌ ተቀመጥኩ። ከእሷ በእጄ የቀረኝ ነገር ቢኖር ጌሾ ነው። ሳትታመም በፊት ከጓሮዋ ለቅማ፣ በፀሐይ አድርቃ፣ በነጭ ጨርቅ ቋጥራ በአንድ ተማሪ እጅ ልካልኝ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ አልነካሁትም። አልፎ አልፎ ቋጠሮውን ፈትቼ አሸተውና መልሼ እቋጥረዋለሁ። ለሙት ዓመቷ አንዲት ቅጠል ሳላስቀር ጠነሰስኩት። እንግዲህ አቮካዶው ሥር የፈሰሰው እሱ ነው።

ሳሎን ስገባ ሴትዮዋ ታጥባ፣ እጇን በነጠላዋ እያደረቀች ሶፋዬ ላይ ተቀምጣለች። እናታቸው ስትሞት ባሌን ያሳደገችው እሷ ናት፤ ስለዚህ ለእኔ አማትም ናት፣ ዳኛም ናት። የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት የእህቶች ቡድን መሪ ናት። ስትጸልይ በሲዳምኛ ነው፣ ስትቆጣ ግን በአማርኛ፤ እኔ እንዳያመልጠኝ ይሆናል። ስንጋባ ከባሌ ጋር የተስማማነው ቀላል ነበር፦ እሱ ወደ ጸሎት ቤቱ፣ እኔ ወደ ቤተ ክርስቲያኔ፣ ማታ ደግሞ አንድ ማዕድ። እሷ ግን በዚህ ስምምነት ላይ አልፈረመችም።

«እትዬ፣ ምን አደረጉ?» አልኳት።

«የወንድሜ ቤት መጠጥ ቤት አይሆንም።»

«የእናቴ ሙት ዓመት እኮ ነው!»

«ለሞተ ሰው ጠላ ምን ያደርግለታል?» አለችኝ፣ ድምጿን እንኳ ከፍ ሳታደርግ።

ቆሽቴ አረረ። ባሌ በሩ ላይ ቆሞ ቁልፍ ያሽከረክራል። ደግ ሰው ነው፤ እህቱ ፊት ግን ምላሱ ይታሰራል። «ተይው በቃ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ጨው የሌለው ወጥ አበላሁት። «ጨው ረሳሽ እንዴ?» ባለኝ ቁጥር «ተወው በቃ» እለው ነበር።

ሙት ዓመቱ በለስላሳ መጠጥ ወጣ። ለሰፈሩ ሁሉ ስትጠምቅ የኖረች ሴት፣ ቄሱም ለማኙም ከጋኗ ሳይቀምስ የማያልፍባት ሴት፣ በብርቱካን ለስላሳ ተዘከረች። ከአገሬ ሰዎች አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጠርሙሱን እያገላበጡ አይተው አይተው፣ ቀስ ብለው «ልጄ፣ ጠላው ገና አልደረሰም እንዴ?» አሉኝ። «አልደረሰም አባባ» አልኳቸው። ያን ጊዜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። በዚያች ቅጽበት ነው የማልኩት፦ ይቺ ሴት ወይ ሰው ሁሉ እየሰማ ይቅርታ ትጠይቀኛለች፣ ወይ የደፋችውን ትጠጣለች።

እሷ በሳምንቱ ረስታዋለች። መጥታ ሽሮ ጠየቀችኝ! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ማለት ይኸው ነው። ሽሮውን ሰጠኋት፤ ፈገግ ብዬ ነው የሰጠኋት። ውስጤ ግን እንደ ጥንስስ መፍላት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ስትገለብጠው ጋኑ ተሰንጥቆ ነበር፤ ሌላ ጋን አልገዛሁም። ጋን ይታያል፤ ጠርሙስ ግን አልጋ ሥር ይገባል። የቢራ ጠርሙስ ሰብስቤ፣ ቆርኪ የምትገጥም የእጅ መሣሪያ ከመርካቶ አስመጥቼ ጠላዬን በጠርሙስ ማድረግ ጀመርኩ። እልህ ነው እንጂ ጥማት አልነበረብኝም። የመጀመሪያው ጊዜ ጉድ ነው የሆንኩት። ወሩ የካቲት ነው፤ ሀዋሳ በየካቲት እንዴት እንደምትጋግር የምታውቁ ታውቃላችሁ። እርሾው ገና ሥራውን ያልጨረሰ ጠላ፣ በየጠርሙሱ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ጨምሬ፣ ቆርኪ ገጥሜ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለው ዕቃ ቤት ውስጥ ደረደርኩት። በአራተኛው ቀን ምሳ እየበላን ጧ! አለ። ከዚያ ጧ! ጧ! ባሌ እንጀራውን እንደጎረሰ ጠረጴዛ ሥር ገባ፤ ተኩስ መስሎት ነው። አምስት ጠርሙስ ፈነዳ። ግድግዳው ላይ የተሰካ ስባሪ በጉጠት ነው የነቀልኩት።

እኔ ደግሞ ሥራዬ መለካት ነው። ቴርሞሜትር ይዤ ቤቱን ዞርኩት። ዕቃ ቤቱ ሠላሳ ዲግሪ ይደርሳል። የመታጠቢያ ቤቱ ሲሚንቶ ወለል ላይ ግን፣ ጠርሙሶቹን ሳፋ ውስጥ አቁሜ፣ እስከ ወገባቸው ውሃ ሞልቼ፣ እርጥብ ጆንያ ስጥልባቸው ሃያ ሁለት ላይ ይቆማል። የሚፈለገው እሱ ነው። እርሾ ሆዳም ነው፤ ሙቀት ካገኘ እስኪፈነዳ ይበላል፣ በጣም ከቀዘቀዘበት ደግሞ ተጠቅልሎ ይተኛል። ሃያ ሁለት ላይ ግን እንደ ጨዋ ሠራተኛ ቀስ እያለ፣ ስኳሩን እየለወጠ ጋዝ ይሠራል። መድረሱን የማውቀው በአንዲት የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው፤ ከሌሎቹ ጋር እሞላትና በየቀኑ እጨምቃታለሁ። እንደ ድንጋይ ስትጠነክርብኝ ሌሎቹም ደርሰዋል ማለት ነው። ያኔ ሁሉንም ወደ ፍሪጅ። እዚያ ሳምንት ሲቀመጥ ይጠራል፣ ጋዙ ከጠላው ጋር ይዋሃዳል፣ ብርጭቆ ላይ ሲቀዳ ቀጭን አረፋ ያወጣል። እናቴ ብታየው «ይቺ ልጅ ጠላን ሱፍ አለበሰችው» ትል ነበር።

ጠርሙስ ባጠብኩ ቁጥር ሴትዮዋን አስባለሁ። ውሸት አልናገርም። ሌላው ሰው እጁን ሲታጠብ ይዘፍናል፤ እኔ ጠርሙስ ሳጥብ በሆዴ እሷን እሰድባለሁ።

ጠላዬ ከተደፋ አንድ ዓመት ከምናምን እንዲህ ሆኖ አለፈ። ከዚያ ልጇ ሊያገባ ሆነ። ሠርጉ ጥር ላይ ነው። ከጸሎት ቡድኗ ሁለት ሴቶች አስከትላ መጣችና ሶፋዬ ላይ፣ ያው ቦታዋ ላይ ተቀመጠች።

«ቀሪቦውን አንቺ ነሽ የምትሠሪልን» አለችኝ። «የዩኒቨርሲቲ ሰው ነሽ፤ እንደ ፋብሪካ፣ ጋዝ ያለው፣ በጠርሙስ። በጀሪካን የሚመጣው ብርጭቆ ላይ ሲቀዳ ውሃ ነው የሚሆነው።»

ቀሪቦ የተቆላ ገብስ፣ ስኳርና እርሾ ነው። ጌሾ አይገባበትም። መጠጥ የማይነኩ ሰዎች ሠርግ ላይ የሚቀርበውም ለዚሁ ነው፤ ጌሾ ከሌለው አያሰክርም ብለው ያምናሉ። ሰፈር ሙሉ ነው እንዲህ የሚያምነው፣ የተማረውም ያልተማረውም። ጌሾ እኮ ምሬት ነው የሚሰጠው፣ እንዳይበላሽም ያደርጋል። የሚያሰክረው እርሾ፣ ስኳርና ሙቀት ነው። ቀሪቦ የማያሰክረው በሁለት ቀኑ ስለሚጠጣ ብቻ ነው። ይህን የአንደኛ ዓመት ተማሪዎቼ ያውቁታል። እትዬ ግን አታውቅም።

«አንድ ነገር ብቻ» አለች። «ጌሾ እንዳይነካው። ማይልኝ።»

«ጌሾ ቢነካው እጄ ይቆረጥ እትዬ» አልኳት። ስናገረው ነው የገባኝ። እግዜር ራሱ በሩን ከፍቶ «ግቢ» ያለኝ መሰለኝ።

መሐላዬ አልበቃት ብሎ ቤቱን ፈተሸችው። ጆንያዎቼን አሸተተች፣ ዕቃ ቤት ገባች፣ የቅመም ብልቃጦቼን ሳይቀር እየከፈተች አየች። ገብሱንም ስኳሩንም ራሷ ገዝታ አመጣች። ፈትሺ፣ ፈትሺ እላለሁ በሆዴ። ቴርሞሜትሬ መሳቢያ ላይ ተቀምጧል፤ አይታው አለፈች።

ሠርገኛው ግን ምን በደለኝ? ሕፃን አለ፣ አሮጊት አለ፣ መኪና የሚነዳ አለ። ለሰው ሁሉ የሚሆነውን በደንቡ ሠራሁት፦ ሃያ ሁለት ዲግሪ፣ ሁለት ቀን፣ ከዚያ ፍሪጅ፤ የኛ አልበቃ ብሎ የጎረቤት ፍሪጅም ተለመነ። ለእሷ ብቻ ደግሞ በትንሽዬ ጀሪካን ለየሁ። እሱን ዕቃ ቤት፣ ቆርቆሮው ሥር አስቀመጥኩት። ክዳኑን ላላ አድርጌ አምስት ቀን አፈላሁት፣ ስኳሩን ሁለት ጊዜ ደገምኩለት። በአምስተኛው ቀን አንድ ጉንጭ ቀመስኩ፤ ጆሮዬ ሞቀ። አራት ጠርሙስ ወጣው። ጋዙን እንዲይዝ እንደ ሌሎቹ ሳፋው ውስጥ አቆየሁትና ፍሪጅ አስገባሁት። እንዳይቀላቀልብኝ ቆርኪዎቹ ላይ በጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ አደረግኩ። ያንን ጥፍር ቀለም ራሱ እኮ እሷ «ይህ የማን ምልክት ነው?» ብላ ከጥፍሬ ያስለቀቀችኝ ነው።

የምናገራትንም አዘጋጀሁ። በቀል የተበቀሉት ሰው ካላወቀው ምኑን በቀል ሆነ? ስትሰክር፣ ሰው ሲያይባት፣ ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብዬ «እትዬ፣ የደፉትን ነው የጠጡት» ልላት ነው። ከሥራ ወደ ቤት በባጃጅ ስመለስ ተለማመድኩት። ሹፌሩ «ምን አልሽ እህቴ?» እስኪለኝ ድረስ።

ሠርጉ ሐይቅ ዳር፣ እሷ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተጥሎ ነበር። መጠጡ በእኔ እጅ ነው። ሴትዮዋ ትዳሩ እንዲባረክ ብላ ከጠዋት ጀምሮ በጾም ጸሎት ቆይታ ነበር፤ ሆዷ ባዶ ነው። ይህንን ስሰማ ልቤ ቅቤ ጠጣ። የመጀመሪያውን ቀዳሁላት፤ በጣም ቀዝቅዟል፣ ጉሮሮዋን እንዳይቆረቁራት ማርም ጠብ አድርጌበታለሁ። ቅዝቃዜ ብዙ ነገር ይደብቃል።

«አቤት ጋዙ! አፍንጫዬን ወጋኝ!» አለች፣ ጨለጠችውና። «ድገሚኝ።»

«ይጠጡ እትዬ፣ የእርስዎ ቀን ነው።»

አንደኛው ጠርሙስ አለቀ። ሁለተኛው ሲጋመስ ፓስተሩ ቀልድ ጀመሩ፤ ሳይጨርሱት ሳቀች። ጉንጯ ቀላ። ጫማዋን አውልቃ ወንበር ሥር ገፋችው። መዘምራኑ ሲነሱ እሷም ተነሳች፤ ተነስታ ትከሻዋን መታች! ያቺ በሠርግ ላይ እንኳ እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት። «የሙሽራው እናት ደስታ ነው፣ ይገባታል» ይላል ሰው። እኔ ከጠረጴዛው ኋላ እጄን አጣምሬ ቆሜያለሁ። አንጀቴ ራሰ። ሦስተኛውን ራሷ መጥታ ከፊቴ አነሳችው። ትንሽ ቆይታ ትወድቃለች ብዬ ዓይኔን እግሯ ላይ ተከልኩ። እሰይ፣ ውደቂ እላለሁ። አራተኛውን ልከፍት ዘወር ስል ጠርሙሱ የለም፤ በዚያ ሁሉ ሳጥን መሐል ጠፍቶብኛል። ይሁን፣ ሦስቱም ይበቃታል አልኩ።

አልወደቀችም። በባዶ እግሯ ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች። እጄን ይዛ እየጎተተች ድንኳኑ መሐል፣ የጸሎት ቡድኗ ሴቶች ፊት አቆመችኝ። ነቃችብኝ፣ አበቃልኝ አልኩ።

«ይቺን ልጅ ታዩአታላችሁ?» አለች፣ በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማው። «የእናቷን ሙት ዓመት ጠላ የደፋሁባት እኔ ነኝ። ጌሾውን እናቷ ከመሞቷ በፊት የላከችላት መሆኑን ወንድሜ በኋላ ነገረኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ቀን ረስቼው አላውቅም። ኩራቴ አፌን ያዘኝ። እቤቷ እሄዳለሁ፣ ልናገር እላለሁ፣ ሽሮ ጠይቄ እመለሳለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «እኔም እናት የለኝም። እናት የሌላት ሴት የሌላዋን እናት እንዴት ትደፋለች? ይቅር በይኝ።»

እግሬ ላይ ልትወድቅ ጎንበስ አለች፤ ያዝኳት። ሴቶቹ እልል አሉ። የሚያለቅስም ነበር። ባሌ ከሩቅ ቁልፉን ይዞ ቆሞ ያለቅሳል።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል። እናቴ ይህን ስንት ጊዜ ብላኛለች! ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ስፈልገው የኖርኩት ይቅርታ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ይኸው ወጣ። ያዘጋጀሁት ነገር ደግሞ ምላሴ ላይ ተቀምጧል፤ ጆሮዋ አጠገቤ ነው፣ መናገር ብቻ ነው የቀረኝ። ግን ልንገራት? «ጠላ ነው ያጠጣሁዎት» ካልኳት ይቅርታው በዚያው ይሞታል። «ሰክራ ነው የተናገረችው» ይባላል፤ እሷም ራሷ ትለዋለች። ዝም ካልኩ ይቅርታው ይኖራል፣ በቀሌ ግን ለማንም ሳይታይ እንደ ተቀበረ ይቀራል። አፌን ከፈትኩ። «እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አልኩ።

በማግስቱ ደወለች። አታስታውስም ብዬ ነበር፤ እንዲያውም ባታስታውስ ብዬ ተመኝቻለሁ። ሁሉንም ታስታውሳለች። ራሷን ብቻ አሟታል፤ «የሠርግ ድካም ነው» አለችኝ። በእሁዱ ከባሌ ጋር ወደ ጸሎት ቤታቸው እንድመጣ ለመነችኝና ሄድኩ። ቆማ መሰከረች። ቂምና ኩራት እንዴት አስሯት እንደኖረ፣ በልጇ ሠርግ ቀን እንዴት እንደተፈታላት ተናገረች። «አንዳች ነገር ሳልቀምስ፣ ቀሪቦ ብቻ ጠጥቼ፣ መንፈስ ቅዱስ ነው አፌን የከፈተው!» አለች። ቤቱ «አሜን!» አለ። እኔም አሜን አልኩ። ምን ልበል ታዲያ?

ደስ ያለኝ እንዳይመስላችሁ። ንድድ ነው ያልኩት። በቀሌን ቀማችኝ! ያን ሁሉ ዲግሪ የለካሁት፣ ያን ሁሉ ቀን የጠበቅኩት እሷ ቅድስት እንድትሆንበት ነው እንዴ? አንዳንድ ቀን መጥታ ስለ ጸጉሬ ወይም ስለ ቀሚሴ ማጠር ስትነዘንዘኝ ነገሩ ጥርሴ ድረስ ይመጣል። «ጠላ ነው የጠጡት!» ልላት እቃጣለሁ። ከዚያ ድንኳኑ መሐል ያለችው ትዝ ትለኛለች፣ «የሌላዋን እናት» ያለችው። ጥርሴን ነክሼ እውጠዋለሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔ ዝምታ ግን ሆዴ ውስጥ ሊነቅዝብኝ ደርሶ ነበር።

ግንቦት መጣ፣ የእናቴ ሦስተኛ ዓመት። ሳምንት ሲቀረው ሴትዮዋ ገብስ በጆንያ አስጭና መጣች።

«ዝክሩን አብረን ነው የምናወጣው» አለችኝ። «ጠላሽን ጥመቂ። እኔ አልጠጣም፣ አልደፋምም። ለእኔና ለእህቶቼ ያንን የሠርጉን ቀሪቦ አድርጊልን።»

ጋን ገዛሁ። ከገበያ ጌሾ ገዝቼ ጠነሰስኩ፤ የእናቴን ያህል አይሸትም፣ ግን ጌሾ ነው። ቀሪቦውን ደግሞ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ፣ ሃያ ሁለት ዲግሪ ላይ፣ ልክ በሁለተኛው ቀን ወደ ፍሪጅ አስገባሁት። ጠዋትና ማታ ለክቻለሁ። ሕፃን ልጅ ቢጠጣው ምንም አይሆንም።

በዝክሩ ቀን ሳሎኔ ሞላ። በአንድ በኩል የአገሬ ሰዎች ከጠላቸው ጋር፣ በሌላ በኩል የጸሎት ቡድኑ ሴቶች ከቀሪቧቸው ጋር። እነዚያው ሽማግሌ ጠላውን ቀምሰው «አሁን ደረሰ» አሉኝ። ወደ ጓዳ ገባሁ፤ እዚያ አለቀስኩ። ስመለስ ሴትዮዋ ቀሪቦዋን ይዛ ታጣጥማለች።

«እንደ ሠርጉ ቀኑ አይደለም» አለችኝ።

«ጋዙ ያው ነው እኮ እትዬ።»

«ጋዙስ ያው ነው። ያኛው ግን የሆነ የሚያሞቅ ነገር ነበረው።»

«ያን ቀን ደስታ ነበረብዎት።»

«እውነትሽን ነው» ብላ ተነሳች። «ተቀመጪ፣ ዛሬ እኔ ነኝ የማስተናግደው። ለሴቶቹ ልጨምርላቸው» ብላ ወደ ዕቃ ቤት ሄደች። ቀሪቦው ፍሪጅ ውስጥ ነው ልላት ስል ሽማግሌው አንድ ነገር ጠየቁኝና ዘገየሁ።

አንድ ጠርሙስ ወደ ላይ ከፍ አድርጋ፣ በሌላ እጇ መክፈቻ ይዛ ተመለሰች። አቧራ ለብሷል። ቆርኪው ላይ ቀይ ነጥብ አለ።

«ይኸውላችሁ!» አለች፣ ፊቷ በርቶ። «የሠርጉ ቀን ይኼ ነው! ቀይ ነጥብ ያለበት፣ አልረሳሁትም። ከሠርጉ ከተመለሱት ባዶዎች ሳጥን ውስጥ ተደብቆ አገኘሁት። አባባ፣ እርስዎም ቅመሱልኝ፣ የእኛ ቀሪቦ እንዲህ ነው።»

አራት ወር ቆርቆሮ ሥር የቆየ ነው። ሽማግሌው አንዴ ብቻ ቢያሸቱት ያልቅልናል። «ልጄ፣ ይኼማ ጠላ ነው» ይላሉ፣ ሴቶቹም ይሰማሉ። የድንኳኑ ይቅርታ፣ የጸሎት ቤቱ ምስክርነት፣ የዛሬው ማዕድ፣ ሁሉም በአንድ ቆርኪ ሥር ነው። ሁለት ዓመት ያለምኩት ቀን መጣልኝ እኮ! ዝም ብዬ ብቀመጥ ይበቃኛል፤ እሷው በገዛ እጇ ትከፍተዋለች። መክፈቻው ቆርኪውን ሲነካ አየሁት።

ዘልዬ ነጠቅኳት። መክፈቻውንም ጭምር። ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ሲያየኝ በጓሮ በር ወጣሁ። አቮካዶው ሥር ስደርስ ፊቴን አዙሬ ከፈትኩት። ጧ! ብሎ አረፋው እስከ ቅጠሉ ተረጨ። ጌሾ ባይነካውም ሽታው የእናቴን ጓሮ የሚመስል፣ ድርቅ ያለ የጠላ ሽታ ነበር። ገለበጥኩት። አንድም ጠብታ እንዳይቀር እያራገፍኩ፣ እስኪያልቅ አፈር ላይ ደፋሁት።

ቀና ስል ሴትዮዋ ብቻዋን በሩ ላይ ቆማለች።

«ምነው ደፋሽው?»

«ተበላሽቷል እትዬ። ሙቀት ላይ ቆይቶ።»

ወረደችና አጠገቤ ቆመች። አረፋውን አየች፤ ጉንዳኖቹ መምጣት ጀምረዋል።

«እዚሁ ነው አይደል፣ እኔም የደፋሁት?»

«እዚሁ ነው።»

«ይቅር በይኝ» አለች፣ ደግማ። እንባ የላትም፣ የሚሰማት ሰውም የለም። ሆዷ ውስጥ ያለው ሃያ ሁለት ዲግሪ ላይ የተሠራ፣ ከፍሪጅ የወጣ ቀሪቦ ብቻ ነው። ድምጿ ሽሮ ስትጠይቀኝ ያለው ድምጿ ነበር።

«እትዬ፣ እኔም…» አልኩ።

«አንቺ ደግሞ ምን አድርገሽኝ?» አለችኝ፣ ትከሻዬን ይዛ።

ቀይ ነጥብ ያለበት ቆርኪ በእጄ ውስጥ ነበር። ጠርዙ መዳፌን እስኪወጋኝ ጨበጥኩት።

«ምንም» አልኳት።